ቀይ ቀለም የተቀባው ቡና

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ያን ዓመት ግን ጉዱ መስከረምን አልጠበቀም፤ በሰኔ ከነካሜራው ላንድሮቨር ላይ ተጭኖ እኛ ከተማ፣ ሚዛን ገባ።

ያን ጊዜ ከገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበረኝ። አባቴ ጉራጌ ነጋዴ፣ እናቴ ቤንች ናት፤ አማርኛውም ቤንችኛውም አያመልጠኝም። ፊልም አንሺዎቹ ጭቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ ገብተው ሻይ አዘዙ። አለቃቸው፣ ዝናብ እየዘነበ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቀው፣ "ቀይ ቡና የምናገኘው የት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

በሰኔ! ቀይ ቡና! ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፊቴን ወደ ማንደጃው አዞርኩ። "ጌታዬ፣ አሁን አረንጓዴ ነው፤ እስከ ጥቅምት ይታገሱት" አልኩት። "ፊልሙ ለአብዮት በዓል መድረስ አለበት" አለና ገላመጠኝ፣ ቡናውን እኔ ያዘገየሁበት ይመስል።

መላውን ያመጣው የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ያ ሰው ለድሃ መላ አጥቶ ያውቃል፣ ለአለቃ ግን አጥቶ አያውቅም። ማጭድና መዶሻ ተስሎበት የተረፈ ቀይ የዘይት ቀለም ከጽሕፈት ቤቱ አስወጣ፤ የወጣት ማኅበሩን አባላት ብሩሽ አስያዘና የጎረቤቴን ቡና ፍሬ በፍሬ አስቀባው። ለምን የእሷን? መንገድ ዳር ስለሆነ ካሜራው ጭቃ አይገባም ተባለ። የሊቀመንበሩም ቡና መንገድ ዳር ነበር። እሱን ማን ያስታውሰው!

ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ያላት ያው ቡና ነው። በየዓመቱ ከዚያ ላይ ለማኅበሩ ታስረክባለች፤ ያላስረከበ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ተብሎ ይታሰራል። አማርኛ ታውቃለች፤ ገበያ ላይ ከጨው ነጋዴ ጋር ስትከራከር ነጋዴውን ታስለቅሰዋለች። ባለሥልጣን ፊት ግን አንዲት ቃል አይወጣትም። "ማወቄን ካወቁ ስብሰባ ያበዙብኛል" ትለኝ ነበር።

ቀለሙ ሳይደርቅ ከቡናዋ ሥር አቁመው፣ ሊቀመንበሩን ለማስተርጎም ከጎኗ አድርገው ካሜራ ደገኑባትና "ስለ ቡናዎ ይንገሩን" አሏት። በቤንችኛ ጀመረች። እኔ ለእንግዶቹ ሻይ ይዤ ከጎን ቆሜያለሁ። "ይህን ቡና ባሌ ነው የተከለው" አለች። "እንደ ሙሽራ ጥፍር ቀባችሁት። አረንጓዴ ቡና ቀብቶ የሚያበስል መንግሥት ነገ እንቁላል ቀብቶ ዶሮ ነው ይለናል። ይሄ ከጎኔ የቆመው ደግሞ የራሱን ቡና ደብቆ የእኔን አስቀባ፤ ቡናው እጁ ላይ ይድረቅበት!"

ባለመነጽሩ "ምን አሉ?" ሲል ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ከአብዮቱ በፊት ቡናዬ እንዲህ ቀልቶ አያውቅም ነው የሚሉት።"

መቼም እውነቱን ነው!

ነሐሴ ሳይጋመስ የተቀባው ፍሬ ሁሉ ጠቁሮ ረገፈ፤ ቅጠሉም ተጨማደደ። ጎረቤቴ የረገፈውን በቅርጫት ይዛ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደች። "ቀለም ቡና አይገድልም" አላት። "እንደ አምናው ታስረክቢያለሽ፤ አለዚያ መግቢያሽን ታውቂዋለሽ።" መጥታ ሻይ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ያቺ ምላሰኛ ሴት ቅርጫቱን ታቅፋ ዋለች።

መስከረም ሁለት፣ የአብዮቱ በዓል ደረሰ። ማንም ሳያዘው ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ ያዘጋጀው የዘጋቢ ፊልም በዓል ነው ተባለ፤ የቀረ ይቀጣል የሚልም ታከለበት። ከሸዋ ቤንች ከተማ ሳይቀር ሰው በእግሩ መጣ። ፊልሞቹ አዲስ አበባ እንኳ አልታዩም፣ መጀመሪያ የሚያያቸው የሚዛን ሕዝብ ነው ሲባል አጨበጨብን። ፀሐይ እንደገባች ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አቡጀዲ ተወጠረ፣ ጄኔሬተሩ አስነጠሰ፣ ከጂማ የመጣው ትልቁ ካድሬ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ፊልም ስለ ትራክተር ነበር፤ ትራክተሩ ቆሞ አራት ሰው ንግግር ያደርግለታል። ሁለተኛው ስለ መሠረተ ትምህርት ነበር፤ አንድ ሽማግሌ "ሀ" ብለው ሲጽፉ ተጀምሮ "ሀ" ብለው ሲጽፉ አለቀ። ከዚያ የእኛው መጣ።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው።

ዓይኔን ጠረግሁ። ያ ሁሉ ቀይ ቀለም፣ ያ ሁሉ ብሩሽ! የጎረቤቴ ቡና አቡጀዲው ላይ የፍየል በጠጥ መስሎ ተንጠልጥሏል። ተራኪው በወፍራም ድምፅ "እንደ ደም የቀላው ቡና" ይላል። ዞሬ ጎረቤቴን አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳለች።

ቀጥሎ ፊቷ አቡጀዲውን ሞላው። ተራኪው "ከአብዮቱ በፊት ቡናዬ እንዲህ አምሮ አያውቅም ይላሉ እኚህ እናት" ማለት ጀመረ። አዲስ አበቤዎቹ ግን የእሷን ድምፅ አላጠፉትም፤ ለማጣፈጫ ብለው ከተራኪው ሥር ትተውታል። ቤንችኛ የሚያውቅ በመካከላቸው አልነበረማ! እኛ የሚዛን ሰዎች ተራኪውን ትተን እሷን ሰማናት። እንቁላሉ ጋ ስትደርስ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የሸዋ ቤንች ሽማግሌዎች እንባቸውን ይጠርጋሉ። ሊቀመንበሩን ላብ አጠመቀው። እሷን እንዳይከስ የተረጎመው ራሱ ነው፤ ዝም እንዳይል ደግሞ እርግማኑን የሰማው አገር ሁሉ ነው።

ቤንችኛ የማይሰማው ካድሬ ግን ደስታው ወሰን አጣ። "ሕዝቡ ፊልሙን ወደደው! ይደገም!" አለ።

"ጓድ፣ ማሽኑ ግሏል" አለ ሊቀመንበሩ።

"ይደገም!"

ተደገመ። በሁለተኛው ዙር ልጅ አዋቂው ከእሷ ጋር አብሮ ይል ጀመር። እኔም አልኩ፣ ምን ያስፈራኛል! ካድሬው እያጨበጨበ ተነሣና "እኚህ ጀግና እናት ይውጡ፤ የልባቸውን ይንገሩን!" አለ።

ወጣች። ሊቀመንበሩ ለማስተርጎም ከጎኗ ቆመ። አንዲት ቃል ካመለጠቻት ልጆቿን ማን ያሳድጋል? እሷ ግን ካድሬውን በፈገግታ እያየች፣ በቤንችኛ፣ ለሊቀመንበሩ እንዲህ አለችው፦ "ቡናዬ በቀለም ረግፏል፣ ዘንድሮ አላስረክብም ብለህ ንገረው። ካልነገርከው እኔ በአማርኛ እነግረዋለሁ፤ የእንቁላሉንም፣ የአንተን ቡናም ጨምሬ።"

ሊቀመንበሩ አማርኛ እንደማትችል ነበር የሚያምነው። ዓይኗን አየና እምነቱ ከዳው። ወደ ካድሬው ዞረ።

"ጓድ... ቡናቸው ለፊልሙ ሲባል ቀለም ተቀብቶ ረግፏል ይላሉ። ማኅበሩም... ዘንድሮ እንዳያስረክቡ ምሯቸዋል።"

"ለአብዮቱ ቡናቸውን የሠዉ እናት!" ብሎ ካድሬው አጨበጨበ። በሕዝብ ፊት ተባለ፣ አበቃ። ማን ይመልሰዋል?

ጎረቤቴ ከመውረዷ በፊት ወደ ካድሬው ዞረች። በዚያ ጨው ነጋዴውን በምታስለቅስበት ጥርት ያለ አማርኛ፣ "አሁን ልክ ተረጎመ" አለችው።

የካድሬው እጅ ጭብጨባው መሀል ቀረ። "እናቴ፣ አማርኛ ያውቃሉ እንዴ?"

"ጨው ለመግዣ ያህል" አለችና ሻሿን አጥብቃ ወረደች።