ብሎኗን ይተዉልኝ

ያ ክረምት ሳሙና አልደርቅ ያለበት ክረምት ነበር። የፋብሪካው ቆርቆሮ ጣሪያ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚንጫጫ ሰው የሚደማመጠው ከንፈር እያየ ነው። ግድግዳው ያልበዋል። ልብስ ተሰጥቶ አይደርቅም፣ እጅ ታጥቦ አይጠራም፣ ውኃ ሲጠጡት እንኳ ሳሙና ሳሙና ይላል። እንዲያም ሆኖ እታለም ያንን ክረምት ስታስበው ደረቷን ሞቅ ይላታል። እፍኝ የመጣችው ያኔ ነዋ።

እታለም የመቁረጫው ማሽን ሠራተኛ ነበረች። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም እታለም ስለሚላት የእናት የአባት ስሟን የሚያውቅ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ባሏ ሁለት ሴት ልጆች ጥሎባት ከሞተ ወዲህ ቤቷን ደግፎ ያቆመላት ያ ማሽን ነው። ሳሙናው እንደ ዱላ ረዝሞ ከማሽኑ አፍ ይወጣል። ፊት ለፊቱ ካለችው የብረት ማቆሚያ ሲደርስ የተወጠረ ሽቦ ከላይ ወርዶ ይቆርጠዋል። ማቆሚያዋን የምታስጠጋና የምታርቅ አንዲት ብሎን አለች፤ ሲያጠብቋት ሳሙናው ያጥራል፣ ሲያላሏት ይረዝማል። እታለም ከጎኗ ባለው ሚዛን ላይ በየመሀሉ አንድ ሳሙና ታስቀምጣለች። ቀለል ካለ ብሎኗን ላላ፣ ከበድ ካለ ጠበቅ። እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ትጋት ቢሸጥ ኖሮ እሷ ባለጸጋ ነበረች።

የዚያን ክረምት ግን ሳሙናው እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሆነ። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ከሲታ። ባለሱቆቹ ካርቶኑን እንዳለ ይመልሱት ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከላይ የሚቆጣው አለው። እታለምን አስጠርቶ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ሳሙናው ካልተስተካከለ ማሽኑን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥና ለእሷም ሌላ ቦታ እንደሌለው ነገራት። መሬት መሬቱን እያየ ነበር የነገራት። እሷም ወደ ማሽኗ ተመልሳ ትጋቷን እጥፍ አደረገችው። እየመዘነች ታላላለች፣ እየመዘነች ታጠብቃለች። ሳሙናው ባሰበት።

በዚህ መሀል ነው ስታቲስቲክስ የሚባል ትምህርት የተማረች ወጣት ተቀጥራ የመጣችው። ቀጭን ናት፣ ግራኝ ናት፣ ጫማዋ ከእግሯ ይሰፋል። የልብስ ሰፊ ልጅ ነች። አባቷ የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል እያለ ሜትሩን በየጊዜው ከብረት ማስመሪያ ጋር ያስተያየው ነበር፤ እሷም ጥርጣሬን የጠባሁት ከእናቴ ጡት ሳይሆን ከአባቴ ሜትር ነው ትል ነበር።

የመጣች ዕለት ሳሙና ልመርምር ብትል፣ ሠራተኞቹ ለእንግዳ ክፉ አይሰጥም ብለው መልከ መልካሙን ሳሙና መርጠው በትሪ አቀረቡላት። አየችውና ሳቀች።

«ልትድሩኝ ነው እንዴ?» አለች። «እናንተ ከመረጣችሁልኝ እናንተን ነው የማውቀው፤ ሳሙናውን አላውቀውም።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እጇን ወደየሳጥኑ እየሰደደች፣ ከላይም ከታችም ከጥጉም፣ እጇ የያዘላትን አወጣች። የፋብሪካው መካኒክ ሰው ላይ ስም ለማውጣት ቦዝኖ አያውቅምና እፍኝ አላት። የፋብሪካ ሙሉ ሳሙና በእፍኝ ይታወቃል ወይ ብሎም አሾፈባት። እሷ ግን ሳትቆጣ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሐኪም ቤት ደምዎን ሲመረመሩ ሁሉንም ነው የሚቀዱት?» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው እሱ ነበር፤ እፍኝ የሚለው ስም ግን ጸደቀባት።

እፍኝ ከማሽኑ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ለጠፈች። መሀሉ ላይ አንድ መስመር፣ ከበላዩ አንድ፣ ከበታቹ አንድ። እያንዳንዱ የተመዘነ ሳሙና አንዲት ነጥብ ይሆናል፤ ከከበደ ወደ ላይ፣ ከቀለለ ወደ ታች። ለጥቂት ቀን ምንም ሳትናገር ነጥቦቹንና የእታለምን እጅ ስታይ ሰነበተች። ከዚያ አንድ ቀን ሣጥን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እታለም፣ ብሎኗን ይተዉልኝ።»

«ልተዋት? ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው የምመጣው?»

«ይመዝኑ፤ ነጥቧን ያስቀምጡ። አይንኳት ብቻ።»

«ቀሎ ሲወጣ እያየሁ?»

«እያዩ።»

እታለም ልጅቷ የምትቀልድባት መሰላት። ነገሩ ቢበላሽ የሚጠፋው የእሷ ቦታ እንጂ የልጅቷ አይደለም። ይህንንም ሳትደብቅ ነገረቻት። እፍኝም፣ ትንሿ ልጅዎ አንድ ቀን ምሳዋን ብትተው ሐኪም ቤት ይወስዷታል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ምነው፣ በማግስቱ ትበላ የለ።»

«ሳምንቱን ሙሉ እየቀነሰች ብትሄድስ?»

«እሱማ ነገር አለው።»

«በቃ፣ ሳሙናውም እንደዚያው ነው» አለች እፍኝ። «በሁለቱ መስመር መሀል ወዲያ ወዲህ የምትዘለው ነጥብ የሳሙናው የራሱ ዐመል ናት። ዐመሉን በብሎን ሲቀጡት ሁለት ዐመል ያወጣል። የራሱ አንድ፣ የእጅዎ አንድ።»

እታለም ሁሉም አልገባትም። የገባት የልጅቷ ዓይን እንደማይዋሽ ነው። እሺ አለች።

ሰው እጁን ሰብስቦ መቀመጥን ዕረፍት ይለዋል፤ ለእታለም ግን ምጥ ሆነባት። እጇን ከሽርጧ ሥር ትከታለች፣ ታወጣለች፣ ትቀመጥበታለች። መካኒኩ እያለፈ፣ እታለም ምን ሰርቀሽ ነው የታሰርሽው ይላታል። ከቀትር በኋላ እፍኝ ልትበላ ወጣች። በተከታታይ የወጡት ሳሙናዎች ቀለሉ። ልጆቿ ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። ዙሪያዋን አየችና ብሎኗን ትንሽ፣ የጥፍር ያህል አላላቻት። ቀጥሎ የወጣው ደግሞ ከበደ። አጠበቀች። አንዴ ከተጀመረ ወዲያ ማን ያቆመዋል።

እፍኝ ተመልሳ ግድግዳው ፊት ቆመች። ነጥቦቹ ሰፋ ብለው ተበታትነዋል። ማንም ምንም ሳይነግራት ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ እጅ ገብቷል» አለች ቀስ ብላ።

እታለም እጇን ከሽርጧ ሥር ከተተች። ስድብ ጠብቃ ነበር። ልጅቷ ግን ዝም ብሎ ማየት ከሥራ ሁሉ ከባዱ ነው፣ እኔም ብሆን እነካት ነበር አለቻት። በማግስቱ ከአባቷ ሱቅ አንድ ከረጢት ሙሉ የተወሳሰበ ክር ይዛ መጣች። አባቷ ሊጥለው ነበር አሉ። እታለም ጭን ላይ አስቀመጠችላትና፣ «እጅዎ ሥራ ካልያዘ አይቀመጥም። ይህን ይፍቱልኝ» አለቻት።

እታለም ፈታችው። ትመዝናለች፣ ነጥቧን ታስቀምጣለች፣ ወደ ክሯ ትመለሳለች። ቀዩን ከነጩ፣ ጥቁሩን ከሰማያዊው። ክሩ እየተፈታ ሲሄድ ነጥቦቹ ደግሞ እየተሰበሰቡ መጡ። መቼም ሁሉም ሳሙና አንድ አልሆነም። ወዲያ ወዲህ ማለቱን አልተወም። ነገር ግን እንደ ወንድማማች ይመሳሰል ጀመር።

ቆይቶ ደግሞ ነጥቦቹ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። አንዷም ከመስመሩ አላለፈችም፤ ግን እያንዳንዷ ካለፈችው ከፍ ትላለች። እታለም ክሯን እንደያዘች አየቻቸውና የትንሿ ልጇ ምሳ ትዝ አላት። እፍኝን ጠራቻት።

«ይቺ ዐመል አይደለችም መሰለኝ» አለች።

እፍኝ ወረቀቱን አይታ ፊቷ በራ። «አይደለችም። አሁን ነው መንካት» አለችና መካኒኩን አስጠራች። መካኒኩ እያጉረመረመ ማሽኑን ከፈተው። የመቁረጫው ሽቦ አርጅቶ ላልቷል፤ ሳሙናው ላይ ሲወርድ እንደ ሆድ ወደ ኋላ ይለጠጥና ቁራጩን ያከብደዋል። በአዲስ ቀየረው። ነጥቦቹ ወደ መሀል ወረዱ። መካኒኩ ከዚያን ቀን ወዲህ ማለዳ ሲገባ መጀመሪያ ግድግዳውን ነበር የሚሳለመው።

ክረምቱ ሳይወጣ ካርቶን መመለሱ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ወደ አዳራሹ ወረደና ማን እንዳስተካከለው ጠየቀ። እፍኝ፣ «እታለም ናት፤ ባለመንካት» አለችው። እሱም ሰው ባልነካው ነገር ሲመሰገን ገና ዛሬ ሰማሁ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወደ እታለም ዞሮ፣ በዚህ ጊዜ መሬቱን ሳይሆን እሷን እያየ፣ ማሽኑ ያንቺ ነው አላት። እታለም ማልቀስ አፍራ ክሯን ትጠቀልል ጀመር።

እፍኝ እንከን የላትም አይባልም። ጃንጥላ በሄደችበት ትጥላለች፣ ድምፅ ሳይኖራት ታዜማለች። ነገርንም እንዲሁ አምና አትቀበልም፤ መካኒኩ ሚስቴ ትወደኛለች ቢል በምን አወቁ ትለዋለች። ነገር ግን ከሰው ጥፋት ከመፈለጓ በፊት የነገሩን ዐመል ታጠናለች። እንዲህ ያለ ሰው እታለም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየችም። እታለምም ከዚያ ወዲህ ልጆቿ ሲያጠፉ እንኳ፣ ይህ ዐመል ነው ወይስ ነገር አለው ብላ ራሷን ሳትጠይቅ እጇን አንሥታ አታውቅም።

እፍኝ ከፋብሪካው የወጣችው በሦስተኛው ክረምት ነው። ወደ ዘር መመርመሪያ ጣቢያ ሄደች። እዚያም የትኛው ዘር በየትኛው መሬት ይዘራ የሚለውን ከባርኔጣ ውስጥ ዕጣ እያወጣች ስትወስን ገበሬዎቹ ቁማርተኛ ናት ብለው ነበር አሉ፤ ኋላ ግን መሬታችንን ሳታዳላ ያየች እሷ ናት አሏት። አባቷ ሲሞት የብረት ማስመሪያውን ወረሰች።

እታለም ጡረታ እስክትወጣ ከማሽኗ አልተነሣችም። ትንሿ ልጇ ነርስ ሆነች፤ ክትባት ልትረከብ በሄደችበትም እፍኝን አገኘቻት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጫማዋ አሁንም ይሰፋታል። የመጨረሻው ወሬ ይኸው ነው። እፍኝ ከከተማው ዳር ባለው የክትባት መመርመሪያ ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከየሳጥኑ እጇ የያዘላትን ክትባት እያወጣች ትመረምራለች።