በጠበል የራሰው ካርድ

እዚህ ዐረብ አገር፣ በሠራተኝነት በምኖርበት የአዛይባ ሰፈር ቤት፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ሰነበተ። የማዳም ትልቋ ልጅ የፈተና መግቢያ ካርድ ነው፤ ፎቶዋ፣ ስሟና ቁጥሯ አለበት። እኔ ውሃ በያዝኩ ቁጥር ከእሱ ራቅ ብዬ አልፋለሁ። ማዳም አንድ ቀን አየችኝና "ምን ሆነሻል? አይነክስም!" አለችኝ። ሳቅኩ። በዐረብኛ ላስረዳት ብል ቃሉ አይበቃኝም፤ በአማርኛ ግን ይኸው።

ልጅ እያለሁ ደብረ ብርሃን ነበርን፤ እማዬና እኔ፣ ሁለታችን ብቻ። አባቴ ያረፈው ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። እማዬ የበግ ሱፍ እየፈተለች ትሸጥ ስለነበር ቤታችን ሁልጊዜ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። ዛሬም የታጠበ ምንጣፍ ሲሸተኝ ልጅ እሆናለሁ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ግን አንዲት ቀን ከትምህርት ቤት እንድቀር አትፈቅድም ነበር። አንድ ጠዋት ጉንፋን ይዞኝ፣ ያ ብርድ እየታሰበኝ፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ "እማዬ፣ ያስለኛል" አልኳት።

"ማሳሉን እዚያም ትችያለሽ" ብላ ጋቢዋን አከናንባ ላከችኝ።

በየዓርቡ ደግሞ ትምህርት ቤት ትመጣለች። እኛ ባሕር ዛፉ ሥር ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ነጠላዋን አስተካክላ በበሩ ትገባለች። የክፍል ኃላፊያችን ጋሽ ወርቁ የስም መጥሪያ መዝገቡን ይዘረጉላታል። የቀረ ልጅ በቀይ ነበር የሚመዘገበው። እማዬ ስሜን ማንበብ ባትችልም ከላይ አሥራ ሁለተኛ መሆኔን ታውቃለች። በጣቷ ወደ ታች ትቆጥርና መስመሬ ላይ ስትደርስ ወደ ጎን ትሄዳለች። ቀይ ካላየች "ተመስገን" ብላ ጋሽ ወርቁን እጅ ነስታ ትወጣለች። ልጆቹ "መሠረት፣ ተቆጣጣሪዋ መጣች!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም ከዛፉ ጀርባ እደበቃለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ። ያን ጊዜ ሚኒስትሪ የወደቀች የእኛ ሰፈር ልጅ ዕጣዋ ቤት መዋል ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ አጠገቧ አስቀምጣ ጮክ ብዬ እንዳነብ ታደርገኛለች። እኔ ሳነብ እንዝርቷ ይሾራል፤ ዝም ስል እሷም ታቆማለች። ሱፉ ካልተፈተለ እንደማንበላ ስለማውቅ አነባለሁ። ስለ ደም ዝውውር ከእኔ ጋር አብራ ያጠናች ይመስለኛል። አንድ ቀን ጎረቤታችንን "ልብሽ እኮ አራት ክፍል ነው፤ አንዱን ለእኔ አከራዪኝ" ስትላት ሰምቻለሁ።

የፈተናው ዕለት ጎህ ሲቀድ ብነቃ እማዬ የለችም። ደብተሬ ውስጥ ያስቀመጥኩት የመግቢያ ካርድም የለም። ቤቱን ሳተራምስ እማዬ እየሮጠች ገባች። ፊቷ በርቷል። ከነጠላዋ ጫፍ ላይ የታጠፈ ነገር ፈትታ "ተባርኮልሻል!" አለችኝ።

ካርዴ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ወስዳው "አባ፣ ጠበል ያስነኩልኝ" ብላ ኖሯል። አባ ደግሞ እጃቸው ቸር ነው። የማኅተሙ ቀለም ፈሶ ፎቶዬን ወይን ጠጅ አድርጎታል። ዓይን የለኝ፣ አፍንጫ የለኝ። ስሜም ደብዝዞ የሚነበበው የአባቴ ስም ብቻ ነበር። አለቀስኩ። እማዬ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች።

በሩ ላይ የቆመው ፈታኝ ከሌላ ወረዳ የመጣ ነው፤ አያውቀንም። ካርዱን አገላበጠና "ይሄ ማን ነው? ሰው ነው?" አለ። "ያለ ፎቶ ማንንም አላስገባም።" ልጆቹ በጎኔ እያለፉ ይገባሉ። ደወሉ ሊደወል ነው።

"ጋሽ ወርቁን ጥሩልኝ!" አለች እማዬ። "መዝገቡን ይዘው ይምጡ!"

ጋሽ ወርቁ መዝገቡን በብብታቸው ይዘው እያለከለኩ መጡ። ገና ሳይገልጡት እማዬ ተቀበለቻቸው፤ ዘረጋችው፣ ከላይ ቆጠረች፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ይኸውልህ ልጄ። ከመስከረም ጀምሮ እስካሁን አንዲት ቀይ ፈልግ።"

ፈታኙ ገጽ በገጽ ገለጠ። ቀይ የለም።

"መሠረት ናት" አሉ ጋሽ ወርቁ። "የቀረችበትን ቀን ስለማላውቅ መልኳን ልረሳ አልችልም። እኔ እፈርምላታለሁ።"

ፈታኙ የካርዱን ቁጥር ከስም ዝርዝሩ ጋር አመሳከረና ጋሽ ወርቁን አስፈረማቸው። ከዚያ ወደ እማዬ ዞሮ "ለመሆኑ ምን ነክቶት ነው?" አላት።

"ጠበል።"

"እናቴ፣ ጠበል ለልጅቷ ነው እንጂ ለወረቀቱ ማን አዘዘ?"

"ልጅቷንማ ትናንት አስጠምቄያታለሁ" አለችው።

ሳቁ አመለጠው። ጋሽ ወርቁም ሳቁ፤ እኔም እንባዬ ሳይደርቅ እየሳቅኩ ገባሁ። ሳይንሱ ላይ ስለ ልብ ክፍሎች ተጠየቅኩ። አለፍኩ፤ ተመስገን። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ተቆጣጣሪዋ መጣች ሲሉ መደበቄን ተውኩ።

አሁን እኔም እናት ነኝ። ልጄ ፌቨን ደብረ ብርሃን እማዬ ጋ ሆና ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። እዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን እዚያ አሥራ ሁለት ነው፤ ደውዬ የምቀሰቅሳት እኔ ነኝ። ማዳምም ለምዳዋለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ "ያላ፣ ልጅሽን ቀስቅሺ" ትለኛለች፤ እግዜር ይስጣት። ዓርብ የእኔ ዕረፍት ነው። እማዬ ግን ዓርብ አታርፍም፤ ዛሬም ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

"ፌቨን ስንተኛ ናት?" እላታለሁ።

"ሠላሳ ዘጠነኛ! ጣቴን ጨረሰችው እኮ!"

ባለፈው ሰሞን የፌቨን ፈተና ደረሰ። ያን ጠዋት ስደውል እማዬ ገና ከውጭ መግባቷ ነው፤ ትንፋሽዋ ይሰማል። ልቤ ደነገጠ። "እማዬ፣ ካርዱ የት ነው?" አልኳት።

ሳቋን ሰማሁት። የስልኩን ካሜራ አዙራ ካርዱን አሳየችኝ። ፎቶ ቤት ወስዳ በፕላስቲክ አስለብጣዋለች። የፌቨን ፊት ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዓይኗ፣ አፍንጫዋ፣ ሁሉም በቦታው።

"ኻላስ፣ በቃ!" አለችኝ፣ ከእኔ በለመደችው ዐረብኛ። "አንዴ ተምሬያለሁ።"

ያኔ እጄን ይዛ የሮጠችው እሷ ነበረች፤ እኔ ለልጄ ከሩቅ ድምፅ ብቻ ነኝ። ግን ልጄን ይዞ የሚሮጥ እጅ አላጣሁም፤ ተመስገን። ካርዱን ጠጋ ብዬ አየሁት። ከፕላስቲኩ ላይ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።