የጋሽ ሐሩን ኪቦርድ ስህተት አልነበረበትም

ጾም የገደፍኩበትን ቀን፣ ያማሁትን ጎረቤት፣ የተቆጣሁትን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ይህችን ግን ከሆዴ አውጥቻት አላውቅም። «የኪቦርድ ፋይል ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?» ይሉኛል ብዬ አይደለም። አፍሬ ነው። እናንተ ስሙኝ፤ ስትሰሙም አትዘኑልኝ።

ከደሴ መጥቼ አሶሳ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ቴክኒሻን ሆኜ ስቀጠር ሰው አልነበረኝም። ጋሽ ሐሩን ሰው ሆኑኝ። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረው ጡረታ የወጡ። በአማርኛቸው እኔን ሴቷን «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ። አርሜያቸው አላውቅም፤ እንዲያውም አንድ ቀን «አንቺ» ቢሉኝ ቅር የሚለኝ ይመስለኛል። ማንጎ ይዘውልኝ ይመጡና ፊታቸው ካልበላሁ አይሄዱም።

ያኔ አንድ ሥራ ይዘው ነበር። የበርታ ቋንቋ ሲጻፍ ተራው ኪቦርድ ላይ የሌሉ ፊደሎች ያስፈልጉታል። የትኛው ቁልፍ ሲነካ የትኛው ፊደል እንደሚወጣ ለኮምፒውተሩ የሚነግር ፋይል ሠሩለት። እንዴት እንደሠሩት ልንገራችሁ? የልጆች ንባብ መጽሐፍ ዘርግተው፣ አንድ ፊደል ባገኙ ቁጥር አንድ የማሽላ ፍሬ በዚያ ፊደል ጣሳ ውስጥ እየጣሉ። ጣሳው ቶሎ የሞላው ፊደል ጣት በቀላሉ የሚደርስበት ቁልፍ ተሰጠው። ወራት ፈጀባቸው። ከዚያ መንጌ ወረዳ ድረስ እየሄዱ የትምህርት ቤቶቹን መምህራን አስተማሩ፤ ቁልፎቹ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው ፊደሎቹን በእጃቸው ጻፉባቸው።

እኔ ደግሞ መርማሪ ፕሮግራም ጻፍኩ። መስኮት የለው፣ ሥዕል የለው፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ ጽፋችሁ የፋይሉን ስም ስትሰጡት ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፣ ጉድለት ካለ ይናገራል። ኮራሁበት። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ የምጠራ ሰው ነበርኩ።

ፋይሉ በሚጸድቅበት ስብሰባ፣ መምህራኑ በተቀመጡበት፣ ፕሮግራሜን በፕሮጀክተር አሳየሁ። አራት ቁልፎች ላይ ሁለት ሁለት ፊደል ተደርቧል፣ ፋይሉ ስህተት አለበት አለ። እኔም ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጋሽ ሐሩን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ተነሱ።

«ማሽን ሰው አይፈራም፤ እውነት ይናገራል። ወላሂ እኔ ነው ያጠፋ። አፉ በሉኝ» አሉ።

ቤታቸው ሄደው ፊደሎቹን አዘዋወሩ። ለአራቱ ቦታ ሲፈልጉ ሌሎቹን ገፉ፤ በማሽላ የተመዘነው ሁሉ ተዘበራረቀ።

በሳምንቱ ለሙከራ ብዬ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣውን፣ ስንቱ አገር የሚጽፍበትን የፈረንሳይኛ ኪቦርድ ፋይል ለፕሮግራሜ ሰጠሁት። እሱንም ስህተት ነው አለኝ። ክው አልኩ። «አልት» የሚባለው የቀኙ ቁልፍ ተይዞ ሌላ ቁልፍ ሲነካ ሁለተኛ ፊደል ይወጣል፤ እኔ ግን ይህን አልት ሳይያዝ ከሚወጣው ፊደል አልለየሁትም ነበር። ጋሽ ሐሩን አንድም ፊደል አልደረቡም። እኔ ነኝ የደረብኩባቸው።

ዛሬ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ አልኩ። የክፍል ኃላፊው ባገኘኝ ቁጥር «መርማሪያችን!» ይለኝ ነበርና ያቺን ቃል ሳሳሁላት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሬ። ፕሮግራሙን ቀስ ብዬ አስተካከልኩ፤ ለእሳቸው ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ይባስ ብዬ መንጌ አብሬያቸው ሄድኩ። እያወቅሁ! ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ በተጨናነቀ ሚኒባስ። የድሮውን ፕላስተር በጥፍራቸው ይልጣሉ፤ እኔ አዲሱን በመቀስ እቆርጣለሁ። በየመምህሩ ፊት «እኔ ነው ያጠፋ» ይላሉ፤ እኔ እቆርጣለሁ። አንድ መምህር «የፊተኛው ለጣት ይሻል ነበር» ቢላቸው ሳቁና ወደ እኔ ጠቆሙት።

«ይሄ ልጅ ባይኖር እኛ ስህተት ለልጆች ያወርስ ነበር» አሉት።

ምን ዓይነት ልብ ነው ያኔ መቀሱን የማያስጥል? የእኔ ልብ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም።

ይህ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እወዳቸዋለሁ፣ ይወዱኛል፤ መከራዬም ይኸው ነው። ቢጠሉኝ ይቀለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ፋይሉ ለሸርቆሌ ትምህርት ቤቶችም ሊላክ ነው ብለው፣ አንድ ጊዜ እንድመረምረው አመጡልኝ። ከፈትኩት። ከላይ፣ የሠሪው ስም በሚጻፍበት መስመር፣ የራሳቸውን ስም አጥፍተው የእኔን ጽፈዋል። ምነው ብላቸው «ስህተቱን ያገኘ አንተ ነው» አሉኝ። በዚያችም ሰዓት ዝም አልኩ።

ልጅነት ነው አልልም። ፈርቼ ነው አልልም፤ ሙገሳ ጣፍጦኝ ነው። የፊተኛው ፋይላቸው እኔ ዘንድ አለ። ትናንት በታረመው ፕሮግራም አስመረመርኩት፤ አንድም ጉድለት የለበትም።

ሐሙስ መምህራኑ መንጌ ይሰበሰባሉ። የፊተኛውን ፋይላቸውን ይዤ እሄዳለሁ። ጋሽ ሐሩንን ቤታቸው ገብቼ፣ በጓዳ፣ ይቅርታ አልጠይቃቸውም። ያላጠፉትን አጠፋሁ ባሉበት፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ቆሜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ይቅር ማለት አለማለት የእሳቸው ነው። ስሜ የተጻፈበትን ፋይል ግን እዚያው፣ ሁሉም እያየ፣ እከፍተዋለሁ፤ ስሜን አጥፍቼ ስማቸውን እጽፋለሁ።