የቡልቡላው ድንጋይ በቦሌ ካፌ

ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ እወለውል በነበረበት ጊዜ በሩ አጠገብ የማያ ንጉሥ ሐውልት ቆሞ ነበር። ፕላስቲክ ነው፤ ሲያንኳኩት ባዶ ጀሪካን ይመስላል። ባለቤቱ ቸኮሌት ስለሚሸጥ፣ ቸኮሌትን መጀመሪያ የጠጡት ማያዎች ናቸው ብሎ ነው ያስመጣው። ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ ነበረው።

«በጥንት ጊዜ ወዲያ ማዶ፣ መካከለኛው አሜሪካ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። በየአደባባዩ ድንጋይ ጠርበው ያቆማሉ። ጠረፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ እንኳ የራሷ ድንጋይ ነበራት። እኛ እነማን ነን፣ ይሄ ቦታ የማን ነው ለማለት።»

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ወሬ ግን እወደው ነበር። እኛም አንድ ድንጋይ ነበረን።

ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራበት በፊት አባቴ ጤፍ ያርስበት ነበር። በእርሻዎቹ መሀል፣ ጦር የሚመስል ነገር የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል። ማን እንዳቆመው ሽማግሌዎቹም አያውቁም። የተጣሉ ሰዎች የሚታረቁት እዚያ ነው። ሁለቱም እርጥብ ሣር ይዘው ይመጡና አናቱ ላይ ያኖራሉ። አንዱ ብቻ ካመጣ እርቅ የለም። አባቴን ከየት ነህ ሲሉት «ከድንጋዩ ዘንድ» ነበር የሚለው።

አንድ ጠዋት ካፌው ስገባ ያ ድንጋይ ከፕላስቲኩ ንጉሥ ጎን ቆሟል። ቫርኒሽ ተቀብቷል። ከሥሩ «ማያ» ተብሎ ተጽፏል።

ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። ያን ቀን ግን ባለቤቱ ጋ ሄጄ «ጋሼ፣ ይሄ የቡልቡላ ድንጋይ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ ስልኩን እያየ። «መንገድ ሲቆፍሩ ዶዘር ሊፈጨው ነበር። እኔ ባላነሳው ዛሬ ጠጠር ነው።»

«ታዲያ ለምን ማያ ይባላል?»

«ቡልቡላ ብዬ ብጽፍ ማን አጠገቡ ፎቶ ይነሳል? በይ፣ ያ ጠረጴዛ ቆሽሿል።»

ያቃጠለኝ አውቃለሁ ማለቱ ነው። ሰው ድንጋይ ለምን እንደሚያቆም ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር የሚውል እሱ ነው። የሩቆቹን አክብሮ የኛን ስም ፋቀ።

ለአባቴ ነገርኩት። እሁድ ካፌው ድረስ መጣ። ዘበኛው በሩ ላይ «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለው።

«ጎረቤቴን» አለ አባቴ።

ከኮቱ ኪስ እርጥብ ሣር አውጥቶ ድንጋዩ ላይ አኖረ። በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ ባለቤቱን እያየ ቆሞ ጠበቀ። ባለቤቱ ፎቶ አነሳው። አባቴ «ቅባቱ ያንሸራትታል» ብሎኝ ወጣ።

በማግስቱ ባለቤቱ ጠራኝ። ደስ ብሎታል።

«ደንበኞች ሣሩን ወደውታል። የማያ ባህል ነው አልኳቸው። ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ እርጥብ ሣር ይዘሽ ነይ።»

«አላመጣም» አልኩ። «አባቴ የራሱን አምጥቷል። የቀረው የእርስዎ ነው።»

«የምን የእኔ?»

እንዲገባው አልፈለገም። ሽርጤን ፈትቼ የንጉሡ ክንድ ላይ ሰቀልኩትና ወጣሁ።

አሁን ገርጂ አንድ ምግብ ቤት ሰሃን አጥባለሁ። ድንጋዩ እዚያው ነው፤ ሣር የሚያመጣለት ሌላ ሰው ተቀጥሯል አሉ። አባቴን ከየት ነህ ሲሉት የኮንዶሚኒየማችንን ብሎክ ቁጥር ይናገራል።