የልጄ ኮፍያ ልክ

መርካቶ ውስጥ ኮፍያ ሰፍቼ የማድር ሰው ነኝ። የሰው ጭንቅላት አይቼ ልኩን በዓይኔ እገምታለሁ፤ ሜትር የማወጣው ለወጉ ያህል ነው። በዚህም እኮራ ነበር።

ልጄ ሦስት ወር ሲሆናት የሰፋሁላት ኮፍያ አልቀመጥ አለ። ከፊትና ከኋላ ይይዛታል፣ ጆሮዋ ጋ ግን ይሰፋል። ጥፋቱን የእጄ አድርጌ ተረተርኩና እንደገና ሰፋሁት። አሁንም እምቢ። ለሦስተኛ ጊዜ ስተረትር ባለቤቴ፣ «ኮፍያውን ተወውና እስቲ ጭንቅላቷን እየው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «ደግሞ ስፌት ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለእኔ ነው።

እናቴ በየጠዋቱ የልጅቷን እርግብግቢት ቅቤ ትቀባታለች። «ከአሁኑ ገጥሟል! ጠንካራ ልጅ ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ስትል ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ለክትባት የወሰድናት ቀን ነርሷ አናቷን በጣቷ ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላከችን። ከመሳለሚያ በተሳፈርንበት ታክሲ ውስጥ የሰው ክርን እንዳይነካት አናቷን በመዳፌ ሸፍኜ ሄድኩ። መሃሉ ላይ እንደ ጠርዝ ያለ ነገር ዳሰስኩ። ስንት ጊዜ ስሜዋለሁ፣ አንድም ቀን ግን አልዳሰስኩትም።

«ጋሼ፣ የሕፃን ራስ ቅል አንድ አጥንት አይደለም» አለኝ ሐኪሙ። «አጥንቶቹ ሳይገጥሙ ነው የሚወለደው፤ አንጎሉ ሲያድግ ቦታ እንዲያገኝ። የእሷ የመሃሉ ገና በማሕፀን እያለች ገጥሟል። ወደ ጎን መስፋት ስላልቻለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል።»

«ቅቤው ነው፣ ዶክተር?»

«ቅቤውም እናንተም የላችሁበትም። አብሯት የተፈጠረ ነው። ግን ካልተከፈተላት አንጎሏን ሊጫነው ይችላል።»

ገባኝ። ጨርቁ ሳይበቃ ስፌቱ ተዘግቷል ማለት ነው። እኔ እንዲህ ሲገጥመኝ ምላጭ አንስቼ እተረትራለሁ። እሱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ የልጅቷን አናት ለመንካት ትፈራለች። ጠዋት ጠዋት እግሯን ብቻ ታሻታለች።

ቀዶ ጥገናው ነገ ነው። ባለቤቴ፣ «ስትወጣ የምታደርገው ኮፍያ ስፋላት» አለችኝ። ለስላሳ ጥጥ መርጬ መቀሱን አነሳሁ። ልኩ ግን አልመጣልህ አለኝ። የነገው ጭንቅላቷ ምን እንደሚመስል በምን ዓይኔ ልገምት? ፈራሁ። ደንበኞቼን ሁሉ «አታስብ፣ ልክህን አውቀዋለሁ» እያልኩ የኖርኩት ሰው ፈራሁ።

አትርፌ ቆረጥኩት። ከኋላው በኩል ሳልዘጋው ተውኩት። ከወጣች ለክቼ እዘጋዋለሁ።

ስትወጣ ማለቴ ነው። ሜትሩን ኪሴ ከትቻለሁ።