ጋሼ ስለ ኪንግስተን የሰጡኝ ምክር

መሥሪያ ቤቴ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ሊልከኝ ሲል አባቴ «እዚያ ሌባ ይበዛል» ብሎ ተጨነቀና ታክሲ ነጂ ጓደኛውን ጋሼን እንዲመክሩኝ ጠራቸው። ጋሼ ጃማይካን በካርታ እንኳ ይለዩዋት እንደሆነ እንጃ።

እዚህ በምንኖርበት ከተማ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ የሚባለው ጎዳና ላይ ምሳ በልተን ስንወጣ፣ ደህና ሁኚ ለማለት ብቻ መኪናዬ በር ላይ ግማሽ ሰዓት አቆሙኝ።

«ስሚ ልጄ፣ ወርቅ አታድርጊ። መንገድ ላይ ቆመሽ ወሬ አታብዢ። መኪናሽን ሞተሩ እየሠራ ትተሽ እንዳትወርጂ!»

«እሺ ጋሼ» እያልኩ በትከሻቸው አሻግሬ ሳይ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ታክሲያቸው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ለካ የመኪናው ማቀዝቀዣ እንዳይጠፋባቸው ብለው ሞተሩን አላጠፉትም!

ጮህኩ። ዘወር ሲሉ ታክሲው ከፓርኪንጉ እየወጣ ነበር።

ጋሼ ባዶውን ቦታ ትንሽ አዩትና ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«አየሽ? እዚያማ ይብሳል!»