የእንጉዳዩ ችሎት

አማቴ እማማ ዘነበች፣ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ፣ በጾም ተደብቄ የጫሞ ዓሣ እበላለሁ ብለው ይጠረጥሩኛል። እኔ ግን፣ እግዜር ያውቃል፣ ዓሣውን ከሩቅ ከማየት በቀር ኃጢአት የለብኝም። በሁዳዴ ሴቻ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሲመጡ ስሜን ላድስ ተነሣሁ። የእንጉዳይ ቆቦችን ገልብጬ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የተፈጨ ሽምብራ ሞላሁባቸውና ዘይት ቀብቼ፣ በትሪ ደርድሬ ምድጃ ውስጥ ጋገርኳቸው።

እማማ አንዱን ነከሱና ወዲያው ተፉት።

«ሥጋ! በሁዳዴ ሥጋ አበላኸኝ? ልጄን ይዣት ነው የምሄደው!»

«ኧረ እማማ፣ እንጉዳይ ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ። የንስሐ አባታቸው ከቅዳሴ መልስ ተጠሩ።

አባ አንዱን ጎርሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሥጋ ሥጋ ይላል» አሉ። «ነገር ግን በአንድ ምስክር አይፈረድም» ብለው ሁለተኛውን አነሡ። ሦስተኛውም መሰከረ። ምስክር ሲሰማ ትሪው ባዶ ቀረ።

«የጾም ነው» ሲሉ ፈረዱ፣ ጣታቸውን እየላሱ።

ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። እማማ ባዶውን ትሪ አይተው፣ አይተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ አሉኝ።

«ልጄ፣ እኔ ይግባኝ ብያለሁ። ሌላ ትሪ ጋግር፤ አሁን ምስክር የምሰማው እኔው ነኝ።»